ወረቀቱ የለካው ምንን ነበር? ማየት የተሳናት ልጄና የማኅበራዊ ክህሎት ምዘና

ልጄ የተወለደችው ያለ ጊዜዋ ነው። ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ሬቲና ላይ በሚደርሰው ጉዳት ምክንያት ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ እይታ የላትም። ብሬይል ማንበቡም፣ በነጭ በትር መሄዱም፣ ሒሳቡም በየጊዜው ቀናላት። እኛን ቤተሰቦቿን ክፉኛ የፈተነን ያልጠበቅነው ነገር ሆነ፤ አንደኛ ክፍል ሳለች የተደረገላት የማኅበራዊ ክህሎት ምዘና። ወረቀቱ ክህሎቷ ከዕድሜዋ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን ይገልጽና የኦቲዝም ምርመራ እንዲደረግላት ይመክራል። ከዚያ በኋላ ያለፍንበትን መንገድ የምጽፈው ተመሳሳይ ወረቀት እጃቸው ለገባ ወላጆችና ለመምህራን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሐዘንና በንዴት አለፉ። ባለቤቴ ምዘናው ይደገም ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን ቀዳድጄ ብጥለው በወደድሁ ነበር። ከሁለቱም ያወጡን ማየት የተሳናቸውን ልጆች ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናቸው። ውጤቱን ስናሳያቸው ቁጥሩ ላይ ብዙም አልቆዩም። "ድምሩን ለጊዜው ተዉትና ጥያቄዎቹን እንይ። ምን እንደተጠየቀች ሳናውቅ የጎደላትን እንዴት እናውቃለን?" አሉን። የምዘና መጠይቆች አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ መብት ስላላቸው ቅጂ መስጠት ላይፈቀድ ይችላል፤ መዛኙ ግን ከወላጅ ጋር ተቀምጦ ጥያቄዎቹ በምን ላይ እንደሚያተኩሩ አንድ በአንድ ማስረዳት አያቅተውም። ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ አትበሉ። ልጄን የመዘኑት የሥነ ልቦና ባለሙያ በጥያቄያችን አልተከፉም፤ ከዚያ በፊት ማየት የተሳነው ልጅ መዝነው እንደማያውቁ በግልጽ ነገሩንና አብረውን ተቀመጡ።

ጥያቄዎቹን በሦስት ከፈልናቸው። አንደኛው ክፍል ያለ ዓይን ሊመለስ የማይችለው ነው፦ ሲያናግሯት የሰውን ዓይን ማየት፣ ፊት አይቶ ማዘንን ወይም መደሰትን መለየት፣ ከሩቅ እጅ ሲወዛወዝላት አጸፋውን መመለስ። ልጄ በእነዚህ ሁሉ ዜሮ ነው ያገኘችው፤ ዜሮዎቹም ከድምሩ ጋር ተቆጥረዋል። ሁለተኛው በሌላ መንገድ ሊሠራ የሚችለው ነው። የሚያይ ልጅ የወደደውን ነገር በጣቱ እያመለከተ እናቱ እንድታይለት ይፈልጋል። የእኔ ልጅ እንግዳ ድምፅ ስትሰማ እጄን ጨብጣ ታስቆመኝና "እማዬ፣ ስሚ!" ትላለች። ደስ የሚል ልስላሴ ያለው ጨርቅ ካገኘች አምጥታ መዳፌ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያም እጇን ከእጄ ላይ ሳታነሣ ምን እንደምል ትጠብቃለች። የቀልብን ትኩረት ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ማለት ይኸው ነው። መጠይቁ ግን በጣት ማመልከትን ብቻ ስለጠየቀ "አታደርግም" ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ከማየት ጋር እምብዛም የማይገናኘው ነው፦ ተራን መጠበቅ፣ ሌላው የሚወደውን ወሬ መስማት፣ እርዳታ መጠየቅ፣ ያልፈለጉትን በጨዋ ቃል እምቢ ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ያየ ወላጅ "መጠይቁ የለካው ዓይኗን ነው" ብሎ ነገሩን እዚያው ሊዘጋው ይቃጣዋል። መለኪያው ጎደሎ ስለሆነ ብቻ ልጁ የሚጎድለው የለም ማለት ግን አይደለም። ልጄ በሦስተኛው ክፍልም ብዙ ነጥብ አጥታለች። ስለምትወደው ነገር ማውራት ከጀመረች ሌላው ይሰልች አይሰልች ሳታጣራ ትቀጥላለች። ጥያቄ ትጠይቅና መልሱን ሳትሰማ ሌላ ታስከትላለች። የሚያይ ልጅ ሰው ሲያዛጋ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ እግሩ ወደ በሩ ሲያቀና እያየ ማንም ሳያስተምረው ይማራል፤ እሷ ይህን የምትማርበት መንገድ ሰው በቃል ሲነግራትና በእጅ ሲያሳያት ብቻ ነው። አሜሪካዊው የዘርፉ ምሁር ፊል ሃትለን እ.ኤ.አ. በ1996 ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ሊማሯቸው የሚገቡ ዘርፎችን ሲዘረዝሩ ማኅበራዊ ግንኙነትን ከብሬይልና ከእንቅስቃሴ ትምህርት እኩል ያስቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ የወረቀቱ ሦስተኛ ክፍል አላስፈራኝም፤ ገና ያልተማረችውን የሚነግረን ዝርዝር ሆኖ ታየኝ።

የመለኪያዎቹን ታሪክ ስከታተል ችግሩ የቆየ መሆኑንም ተረዳሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድጋር ዶል እ.ኤ.አ. በ1935 የቫይንላንድን የማኅበራዊ ብስለት መለኪያ ሲያወጡ የሚያዩ ልጆችን ዕድገት መሠረት አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ማክስፊልድና ቡክሆልዝ ይህንኑ መለኪያ ለትምህርት ላልደረሱ ዓይነ ስውራን ሕፃናት እንዲስማማ አሻሻሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሬይኔልና የዚንኪን መለኪያ ደግሞ ከልደት እስከ አምስት ዓመት ያሉትን ይመለከታል፤ ማኅበራዊ መላመድን የሚመለከት ክፍልም አለው። ትምህርት ቤት ለገቡት ደግሞ አሜሪካዊቷ ምሁር ሻሮን ሳክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በተለይ ማየት ለተሳናቸው ልጆች ያዘጋጁት የማኅበራዊ ክህሎት መመዘኛ አለ፤ ጥቅሙ ምን እንደሚማሩ ማመልከቱ ነው። የዛሬው ቫይንላንድም ቢሆን ከአሳዳጊ ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሊሞላ ስለሚችል ብልህ ጠያቂ እጅ ከገባ ይጠቅማል፤ "ታደርጋለች ወይ?" ከማለት አልፎ "እንዴት ነው የምታደርገው?" ብሎ ለመጠየቅ ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ምዘና ሲታዘዝላችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የንጽጽሩ መነሻ የሆኑት ልጆች እነማን ናቸው? መዛኙስ ማየት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ሠርቷል? ካልሠራ፣ የሠራ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል።

የኦቲዝሙ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ነበር። ልጄ ስትቀመጥ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች፤ ዓይኗን በጣቷ ትጫናለች። ትንሽ ሳለች ውሃ ሲጠማት "ውሃ ትፈልጊያለሽ" ትለኝ ነበር፤ እኔ የምላትን እንዳለ መልሳ። እነዚህ ሁሉ ኦቲዝም በሌለባቸው ዓይነ ስውራን ልጆችም ይታያሉ፤ የመመርመሪያዎቹ ጥያቄዎችም ብዙዎቹ በእይታ ላይ የቆሙ ናቸው። በሌላ በኩል ኦቲዝም ማየት በተሳናቸው ልጆች ዘንድ ከሚያዩት ይልቅ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ፈጥኖ "አለባት" ማለትም ፈጥኖ "ዓይነ ስውር ስለሆነች ነው" ማለትም ልጅን ይጎዳል፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን እርዳታ ለዓመታት ያዘገይበታልና። እኛ የጠየቅነው ኦቲዝምንም ዓይነ ስውርነትንም የሚያውቅ መርማሪ ነበር። አግኝተን ሲያዩአት በብዙ ቦታ፣ ከብዙ ሰው ጋር፣ በተለያየ ቀን አዩአት። ከምታውቀው ሰው ጋር ያላት መጋራት፣ የሌላውን ልጅ ለቅሶ ስትሰማ የምታደርገው፣ የምናብ ጨዋታዋ ሁሉ ተመዘነ። ለእሷ የተሰጠው መልስ ኦቲዝም የለባትም የሚል ነበር። የእናንተ ልጅ መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ልትጠይቁ የሚገባችሁ መልሱ የመጣበት መንገድ ነው።

መርማሪዋ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ዛሬም ይጠቅመኛል፦ እጇን እንጂ ፊቷን ብቻ አትመልከቱ። አሜሪካዊቷ የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሴልማ ፍራይበርግ ዓይነ ስውራን ሕፃናትን ሲያጠኑ የፊታቸው ገጽታ ጸጥ ባለበት ሰዓት እጆቻቸው ፍላጎታቸውንና ናፍቆታቸውን ሲናገሩ አስተውለው ነበር፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1977 በመጽሐፍ ወጥቷል። ልጄ አንድ ሰው ሲገባ ድርቅ ትላለች፤ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፤ ለማያውቃት ሰው ፍላጎት የሌላት ትመስላለች። በዚያው ቅጽበት ግን ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ለቀው ይዘረጋሉ፣ ጆሮዋ ወደ ሰውየው ያጋድላል። እያዳመጠች ነው። ይህን የማያውቅ መዛኝ "ለሰው ምላሽ አትሰጥም" ብሎ ቢጽፍ አያስገርምም። ፈገግታም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የፓራሊምፒክ የጁዶ ውድድር የተነሡ ፎቶግራፎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ስፖርተኞች ሲያሸንፉና ሲሸነፉ ፊታቸው ላይ የሚታየው ስሜት ከሚያዩት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝተውታል። ከልብ የመጣ ስሜት ፊት ላይ ራሱ ይወጣል፤ በትእዛዝ "እስቲ ፈገግ በይ" ሲሏት ግን ይከብዳታል። መጠይቁ የትኛውን እንደሚጠይቅ ለዩት።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው መምህርቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው በዕረፍት ሰዓት ሲመለከቷት ነው። አሠራራቸው ቀላል ነበር። በየደቂቃው አንድ ምልክት ያደርጋሉ፦ ብቻዋን ናት፣ ከልጆች አጠገብ ናት፣ ከልጅ ጋር ናት፣ ከአዋቂ ጋር ናት። ይህንኑ ለንጽጽር ከክፍሏ አንዲት የምታይ ልጅ ላይም አደረጉ፤ የሚያዩት ልጆችም ሁልጊዜ አብረው እንደማይጫወቱ የምናውቀው በዚህ ነው። ግቢው ውስጥ ጩኸት በበረታ ጊዜ ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አንዲት ልጅ መጥታ ሰላም ትላትና ኳስ ተከትላ ትሮጣለች፤ ልጄ መሄዷን ሳታውቅ ልጅቷ ወደነበረችበት ቦታ ዞራ ወሬዋን ትቀጥላለች። ከሩቅ ላየ ሰው ለብቻዋ የምታወራ ትመስላለች። ያው መመልከቻ ወረቀት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ስትሠራ ሲሞላ ግን ሌላ ልጅ የታየች ያህል ተለወጠ፤ ትጠይቃለች፣ ትስቃለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ የተደረገ ምዘና አትቀበሉ። ድምፅ በሚቀላቀልበት ቦታ የማን ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ስለሚያዳግት ልጁ ያለውን ክህሎት ሊጠቀምበት አይችልም።

ከምልክቶቹ አንድ ያላሰብነው ነገር ወጣ። አብዛኛው የዕረፍት ሰዓቷ የተመዘገበው "ከአዋቂ ጋር" በሚለው ሥር ነበር። እንዳትወድቅ የተመደበችላት ረዳት ከጎኗ አትለይም፤ ልጆችም ለእሷ ያላቸውን ጥያቄ ለረዳቷ ይጠይቃሉ። "ስሟ ማን ነው? መጫወት ትፈልጋለች?" ረዳቷ ደግ ሴት ናት፤ በፍቅር የምታደርገው ነበር። መምህርቷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ እንድትቆምና ልጆች ሲጠይቋት "እሷን ጠይቋት" እንድትል ነገሯት። በቀጣዩ ምልከታ ከልጅ ጋር የሚለው ዓምድ መሙላት ጀመረ፤ ልጄ ግን ገና አንድም አዲስ ክህሎት አልተማረችም ነበር። የልጅን ማኅበራዊ ክህሎት ስትለኩ በዙሪያው ያለውንም አብራችሁ ለኩ ለማለት የሚያስደፍረኝ ይህ ነው።

መጠይቁን ማን እንደሚሞላውም ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ መለኪያዎች ወላጅን፣ መምህርን፣ ልጁ ከደረሰም ልጁን ራሱን ይጠይቃሉ። በእኛ ዘንድ የቤቱ ነጥብ ከትምህርት ቤቱ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሐሳቧን ሳትጨርሰው እንረዳታለን፣ በዙሪያዋ ያለውንም እንነግራታለን። ሁለቱ ውጤቶች ሲለያዩ ማን ተሳሳተ ብላችሁ አትከራከሩ፤ ልዩነቱ ራሱ ምን ዓይነት ድጋፍ የት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ልጁን ስትጠይቁም መጠይቁ በብሬይል ወይም በቃል ይቅረብለት፤ ወላጁ ከክፍሉ ይውጣ። የእኔ ልጅ "ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ" የሚሉትን ምርጫዎች በሦስት ሳህን ላይ ዶቃ በመጣል ነው የመለሰችው፤ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ቀለላት። ጓደኞቿን በተመለከተ የሰጠችው መልስ ግን ከየትኛውም መጠይቅ አይገኝም፦ "ሰው ሲመጣ ስሙን አይነግረኝም፤ ሲሄድም አይነግረኝም።" የክፍል መምህሯ ይህን ለክፍሉ ልጆች አስረዱ። ልጆቹ ሲመጡ ስማቸውን፣ ሲሄዱ መሄዳቸውን መናገር ለመዱ፤ ለብቻ ማውራት ተብሎ የተመዘገበውም አብዛኛው ጠፋ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የክፍሉን ልጆች "ከማን ጋር መጫወት አትፈልጉም?" ብሎ ስም ማስጠራት የሚያቆስል ዘዴ ነውና እንዲደረግ አትፍቀዱ።

ጭላንጭል እይታ ስላላቸው ልጆችም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ የሰማሁት ደጋግሞ ተመሳሳይ ነውና። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በተሻለው ዓይን ከ3/60 በታች ማየት ዓይነ ስውርነት ይባላል፤ ይኸውም ጤናማ ዓይን በ60 ሜትር የሚለየውን በ3 ሜትር ርቀት እንኳ አለመለየት ነው። ከዚህ ከፍ ያለ ግን ደካማ እይታ ያለው ልጅ በትር ስለማይዝ ሁሉም የሚያይ ይመስለዋል። ጓደኛውን ሰላም ሳይል ሲያልፍ ኩሩ ይባላል፤ ቀልዱ በፊት ምልክት ሲሆን ሳይገባው ከሌሎቹ ጋር ይስቃል። አለማየቱን ለመደበቅ ስለሚተጋ መጠይቁ ላይ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከመጠይቅ ይልቅ ምልከታው ይበልጣል፤ ብርሃኑንና ርቀቱን እየመዘገቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ግብ ብቻ መረጥን። ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም መምህርቷ ከሁለት በላይ አልፈቀዱልንም፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። አንደኛው ሰው ሲያናግራት ፊቷንና ትከሻዋን ወደ ድምፁ ማዞር፤ ሁለተኛው ልጆች ወደሚጫወቱበት ሄዶ ምን እንደሚጫወቱ ጠይቆ መግባት። ግቡ የተጻፈው ሊቆጠር በሚችል መንገድ ነው። "ከልጆች ጋር ትግባባለች" የሚል ግብ ማንም ሊለካው አይችልም፤ "በዕረፍት ሰዓት ማንም ሳያስታውሳት ቢያንስ አንዴ ጨዋታ ለመግባት ትጠይቃለች" የሚለውን ግን ማንም ሊያየው ይችላል። ከ"አደረገች" እና ከ"አላደረገችም" ይልቅ የእርዳታውን መጠን መዘገብን፦ በራሷ፣ በቃል ስናስታውሳት፣ ወይም እጃችንን ከእጇ ሥር አድርገን ስናሳያት። ለውጡ መጀመሪያ የታየው እዚህ ላይ ነው። የምታደርገው ብዛት ሳይጨምር ወራት አለፉ፤ የሚያስፈልጋት እርዳታ ግን ቀስ በቀስ ቀነሰ። የእርዳታውን መጠን ባንጽፍ ኖሮ ምንም አልተለወጠም ብለን ልንተወው እንችል ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ምዘናው ሲደገም ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ መዛኝ፣ ያንኑ ቦታ ጠየቅን፤ ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ ንጽጽሩ አያስተማምንም። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆችን የሚያደናግር ነገር አለ። ልጁ ያገኘው ጥሬ ነጥብ ከፍ ብሎ ሳለ ከእኩዮቹ ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ነጥብ ሊወርድ ይችላል፤ እኩዮቹም በዚያው ዓመት አድገዋልና። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ሌላው ደግሞ፣ መዛኙ "ዓይን ማየት" የሚለውን "ፊትን ማዞር" ብሎ ከለወጠው በኋላ የሚያዩ ልጆችን ሰንጠረዥ መጠቀም አይችልም። የተለወጡት ጥያቄዎች በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ተጽፈው ውጤቱ በቃላት ይብራራ። የእኛ ሁለተኛ ሪፖርት ድምር አልነበረውም፤ የምትችለውን፣ በእርዳታ የምትችለውንና ገና ያልጀመረችውን ብቻ ይዘረዝር ነበር። መምህሯ ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው የሠሩበት ያንን ነው።

አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ በዕቅድ ስብሰባው ላይ ራሷ ትቀመጣለች፤ የራሷን መጠይቅም በብሬይል አንብባ ትሞላለች። የዘንድሮውን ግብ የመረጠችው እሷ ነች። ሰዎች ሳይጠይቋት ክንዷን ይዘው መንገድ ሲያሻግሯት፣ ዕቃዋን ሲያነሡላት፣ ለእርዳታቸው አመስግና እንደማትፈልገው መናገር ትፈልጋለች። እንዴት እንደሚለካ ስንወያይ መምህሯ በሳምንት ስንት ጊዜ እንዳደረገችው ይቆጠር አሉ። እሷ ግን ሌላ ዓምድ እንዲጨመር ጠየቀች፦ ከተናገረች በኋላ ሰውየው ክንዷን ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም የሚል። ተጨመረላት።